ትዊድ፣ ሱፍና የቆዳ ቡት፦ የድሮ ልብስ ለተራራ ጉዞ

ቅዳሜና እሁድ በእንግሊዝ ፒክ ዲስትሪክትና ሌክ ዲስትሪክት፣ ወይም በስኮትላንድ ደጋዎች የሚጓዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደማቅ ናይለን ጃኬት ለብሶ ይታያል። በመካከሉ ግን አልፎ አልፎ ሌላ ዓይነት መንገደኛ ብቅ ይላል፦ የትዊድ ኮት የደረበ፣ ከጉልበቱ በታች የሚታሰር ሰፋ ያለ ሱሪ የታጠቀ፣ ረጅም የሱፍ ካልሲና ወፍራም የቆዳ ቡት ያደረገ። ለፎቶ ብቻ የለበሰ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በዕውቀት የተመረጠ የድሮ ልብስ ዛሬም ሥራውን በሚገባ ይሠራል። ያለ ዕውቀት የተመረጠው ደግሞ ለባሹን ያንቀጠቅጣል፣ እግሩን ይልጣል። ልዩነቱን የሚፈጥሩት ጨርቁና ስፌቱ እንጂ መልኩ አይደለም።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የተገኘው ኤቨረስት ላይ ነው። ጆርጅ ማሎሪና አንድሩ ኧርቪን በ1924 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወደ ተራራው ጫፍ ሲወጡ ጠፍተው ቀሩ። የማሎሪ አስከሬን የተገኘው ከ75 ዓመት በኋላ፣ በ1999 ነበር። ገላው ላይ የቀረው የልብስ ቁርጥራጭ ሲመረመር፣ ሰዎቹ ለሽርሽር በሚለበስ ተራ ኮት ኤቨረስትን ደፈሩ የሚለው የቆየ ወሬ ሐሰት መሆኑ ታወቀ። ማሎሪ ስስ የሐር፣ የጥጥና የሱፍ ልብሶችን ደራርቦ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጋባርዲን ለብሶ ነበር። ሐሩ በሱፉ ላይ ስለሚንሸራተት ክንድና እግር እንደ ልብ ይንቀሳቀሳሉ፤ በድርቦቹ መካከል የሚቀረው አየር ደግሞ ሙቀት ያቆያል። ግራሃም ሆይላንድ የተባለው ተራራ ወጪ በ2006 በዚያው ልብስ አምሳል የተሠራውን ኤቨረስት ላይ ለብሶ ሞከረው፤ ቀላልና ምቹ ሆኖም አገኘው።

እንግዲህ መራጩ መጀመሪያ ሊያስብበት የሚገባው ድርቡን ነው። ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት መጥጦም ቆዳ ላይ እርጥብ ሆኖ አይሰማም። ጭረቱ ጥምዝምዝ በመሆኑ አየር ያግታል፣ ሲርስም ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም። የመንዝ ሰው በጭጋግና በውርጭ ባናውን የሚደርበው በዚሁ ጠባዩ ምክንያት ነው። ጥጥ ተቃራኒው ነው። ላብ ጠጥቶ ገላ ላይ ይለጠፋል፣ ነፋስ ሲነካው የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል። ስለዚህ ገላን የሚነካው ልብስ ስስ ሱፍ ይሁን፤ የጥጥ ሸሚዝ፣ የቱንም ያህል የዘመኑን መልክ ቢይዝ፣ ለሞቃት ቀን ይቀመጥ።

ትዊድ ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። ሃሪስ ትዊድ የሚለውን ስም በሕግ ሊይዝ የሚችለው ከስኮትላንድ በስተምዕራብ ባሉት የውጭ ሄብሪዲስ ደሴቶች ነዋሪዎች በየቤታቸው በእጅ የሸመኑት ጨርቅ ብቻ ነው፤ ሱፉም እዚያው የተነከረና የተፈተለ መሆን አለበት። በ1993 የወጣው ሕግ ይህን ደንግጓል። ምልክቱ አናቱ ላይ መስቀል ያለበት ሉል ነው። ኮት የሚገዛ ሰው ገበሩ ላይ ይህን ምልክት ካገኘ ጠንካራ ጨርቅ እጁ ገብቷል። ያም ሆኖ ትዊድ የራሱ ድካም አለው፤ ካፊያን ይችላል፣ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብበት ግን ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም።

ከጉልበት በታች የሚታሰረው ሱሪ ለተራራ የሚመች ብልህ ሥራ ነው። ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ እግር ሲነሣ ጉልበት አይያዝም፣ ጠዛ ያረጠበው ሣርም የሱሪውን ጫፍ አያበሰብሰውም፤ ካልሲው ከራሰ መለወጥ ይበቃል። ሴቶች ይህን ምቾት ያገኙት በትግል ነው። በ1907 የሴቶች የአልፕስ ክበብን ከመሠረቱት አንዷ ሊዚ ለ ብሎንድ ቀሚሷን ከላይ አድርጋ ከመንደር ትወጣና፣ ከሰው ዓይን ስትርቅ አውልቃው በሱሪ ትወጣ ነበር።

የድሮ መልክ የሚወድ ሰው የግድ የባለርስት ትዊድ መፈለግ የለበትም። ሚያዝያ 24 ቀን 1932 የማንቸስተርና የአካባቢዋ ወጣት ሠራተኞች በፒክ ዲስትሪክት የሚገኘውን፣ ለሕዝብ የተከለከለውን የኪንደር ስካውት ተራራ በጅምላ ሲረግጡ፣ ብዙዎቹ የለበሱት ቁምጣና ሹራብ ነበር። ወፍራም ሹራብ ዛሬም ከሁሉ ርካሹና አስተማማኙ የድሮ ልብስ ነው።

ለነፋስና ለዝናብ ሦስት የታወቁ ጨርቆች አሉ። ጋባርዲን የቶማስ በርበሪ ፈጠራ ነው፤ በ1888 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ቬንታይል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕር ላይ ለሚወድቁ የብሪታንያ አብራሪዎች የተሠራ ጥቅጥቅ ያለ ጥጥ ነው፤ ሲርስ ክሩ ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍናል። ሦስተኛው ሰም የተቀባ ጥጥ ነው። ሰሙ ውኃ ያግዳል፣ ነገር ግን ላብ ስለማያስወጣ ለዳገት አይመችም። ከሦስቱ ለተራራ የሚመረጠው ቬንታይል ነው፤ ዋጋው ግን ይከብዳል።

ጥንቃቄ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ቡት ሲመረጥ ነው። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ተራራ የሚወጣ ሰው ሶሉ ሚስማር የተመታበት ቡት ነበር የሚጫማው። ፌሊክስ ዠነካን የተባለው የጄኔቫ ሰው ትሪኩኒ የሚባለውን ባለጥርስ ብረት ጨመረበት። ሚስማሩ እርጥብ ሣርና ሽበት ያለበትን ድንጋይ ነክሶ ይይዛል፤ ደረቅና ለስላሳ አለት ላይ ግን ይንሸራተታል፣ ብርዱንም ወደ እግር ያስገባል። በሌክ ዲስትሪክት የታወቁ አለቶች ላይ ሚስማሮቹ የጫሩት ምልክት እስካሁን ይታያል። በ1935 ጣሊያናዊው ቪታሌ ብራማኒ ስድስት ጓደኞቹን አልፕስ ተራራ ላይ በሞት ተነጠቀ፤ በከፊል ጥፋተኛ የተደረገው ጫማቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ጥልቅ ጥርስ ያለውን የጎማ ሶል ሠራ። ከስሙና ከቤተሰብ ስሙ ተቀንጭቦ ቪብራም ተባለ። በ1954 ኬቱ (K2) የተባለውን ተራራ ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጡት ጣሊያኖች ይህን ሶል ተጫምተው ነበር።

ስለዚህ የድሮ መልክ ያለው ጥሩ ቡት ማለት ወፍራም ቆዳና የጎማ ሶል ነው። የላይኛው ክፍል በተቻለ መጠን ከአንድ ቁራጭ ቆዳ የተሠራ ይሁን፤ ስፌት ባነሰ ቁጥር ውኃ የሚገባበት ቦታ ያንሳል። ሶሉ በማጣበቂያ ብቻ ሳይሆን በክር የተሰፋ ከሆነ፣ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ አዲስ ይገጥምለታል። ቡት የሚለካው እግር ትንሽ ከሚያብጥበት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ተራራ ላይ የሚደረገውን ካልሲ አድርጎ። ደረጃ ሲወረድ ጣት ከፊት ከነካ ጠቧል፤ ሲወጣ ተረከዝ ከተነሣ ሰፍቷል።

ልባሽ ቡት ግን አይመከርም። አሮጌ ቆዳ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ክሩም ይበሰብሳል። መካከለኛ ሶላቸው ከፖሊዩሬቴን የተሠራ ቡቶች ደግሞ ሳይደረጉ ቁም ሳጥን ውስጥ ቢቀመጡም ከዓመታት በኋላ ይፈረፈራሉ፤ ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ሶሉ ሲለቅ ነው። ኮትና ሱሪ ከልባሽ መግዛት ይቻላል። ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ብል የበላው ቀዳዳ እንዳለ ማየት፣ ክርንና ብብቱን መፈተሽ፣ ከታች ሹራብ የሚያስገባ ስፋት እንዳለው መለካት ይበቃል። የረጠበ ቡት እሳት አጠገብ አይቀመጥም፤ ጋዜጣ ተጎስጉሶበት በጥላ ይድረቅ፣ ከዚያ ቆዳው ቅባት ይቀባ።

እንዲህ አስተካክሎ የለበሰ ሰው በበጋና በመፀው ኮረብታዎቹን ያለ ሥጋት ሊጓዝ ይችላል። ብርዱ የሚበረታበት የዚያ አገር ክረምት ግን ሌላ ነገር ነው። 1,345 ሜትር ከፍታ ባለው የስኮትላንድ ተራራ በቤን ኔቪስ ላይ ዝናቡ ወደ በረዶ የሚለወጠው በአጭር ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ትዊዱን የሚወዱ ሁሉ ዘመናዊ የዝናብ ጃኬትና ትርፍ ደረቅ የሱፍ ሹራብ ቦርሳቸው ውስጥ ሳይከቱ አይውጡ።