ሳያስፈቅዱ ከሥራ መቅረት የሚያስከትለው ጣጣ

አንድ ሠራተኛ ሌሊት ስልክ ተደወለለት እንበል። ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደጉት ጎረቤት አርፈዋል። ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፍሮ አገር ቤት ገባ፤ ቀበረ፤ ለቅሶም ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን ወደ ሥራው ሲመለስ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጠበቀው። "ለሐዘን ሄጄ እንዴት እቀጣለሁ?" ብሎ ተቆጣ። አለቃው ደግሞ "ማን ፈቀደልህ?" አለው። ከሁለቱ ትክክል ማን ነው?

ውድ አንባቢ፣ ይህ ነገር በእርስዎም ላይ ሊደርስ ስለሚችል ሕጉ ምን እንደሚል አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። በኢትዮጵያ በግል ድርጅቶችና በመንግሥት የልማት ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች የሚተዳደሩት በ2011 ዓ.ም በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ግን የራሳቸው ሕግ አላቸው።

የዓመት ፈቃድ

ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ከነሙሉ ደመወዝ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን ይጨመራል። ስለዚህ 11 ዓመት ያገለገለ ሰው 21 ቀን አለው ማለት ነው።

ፈቃዱ የሠራተኛው መብት ነው፤ "አልወጣም፣ ይቅርብኝ" ብሎ ቢፈርም እንኳ ስምምነቱ ዋጋ የለውም። መቼ እንደሚወጣ የሚወሰነው ግን አሠሪው በሚያወጣው ፕሮግራም ነው። አሠሪው ፕሮግራሙን ሲያወጣ በተቻለ መጠን የሠራተኛውን ፍላጎትና ሥራው እንዳይስተጓጎል ያያል። ስለዚህ ቅጽ ሞልቶ ማስገባት ብቻውን ፈቃድ ማግኘት አይደለም። ፈቃዱ ሊራዘም ይችላል፤ ነገር ግን ከሁለት ዓመት በላይ ማሳደር አይቻልም። ሥራ ሲለቁ ያልተወሰደው ቀን በገንዘብ ይከፈላል።

ሐዘን፣ ሠርግና ሌላም

1. ሠራተኛው ሲያገባ፣ ወይም የትዳር ጓደኛው፣ ልጁ፣ ወላጁ፣ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዱ ሲሞት 3 የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ያገኛል።

2. ሚስቱ ስትወልድ አባትየው 3 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይፈቀድለታል።

3. ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ያለ ደመወዝ ይፈቀዳል፤ ይህም በአንድ የበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም።

ይህን የሚፈልግ ሠራተኛ አስቀድሞ ለአሠሪው ማሳወቅና ማስረጃ ሲጠየቅ ማቅረብ አለበት። እንግዲህ የዚያ ሠራተኛ ችግር እዚህ ላይ ነው። ጎረቤት እንደ እናት ቢሆኑም በሕጉ ዘመድ አይደሉም። የዓመት ፈቃድ ወይም ያለ ደመወዝ ቀን መጠየቅ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን አንድም ሰው ሳይነግር ሄደ።

ሕመም

የታመመ ሰው በቀረበት ማግስት ማሳወቅ ይገባዋል፤ አሠሪው ሕመሙን አስቀድሞ ካወቀ ወይም ለማሳወቅ የማይቻል ከሆነ ግን ይህ አይጠየቅም። የሐኪም ማስረጃ ማቅረብም ግዴታ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ነው።

ያለ ፈቃድ መቅረት

በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ያለ በቂ ምክንያት 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት፣ ወይም በአንድ ወር 10፣ ወይም በዓመት 30 የሥራ ቀናት የቀረ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበት ነበር። ዛሬም ብዙዎች በዚያ ሒሳብ ይዘናጋሉ። አሁን ግን በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በጠቅላላው 5 ቀን የቀረ ሠራተኛ ሊሰናበት ይችላል። ቀኖቹ መከታተል የለባቸውም። ማርፈድም እንዲሁ ነው፤ በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ያረፈደ ሰው ሥራውን ሊያጣ ይችላል።

አሠሪውም ገደብ አለበት። በአፍ "ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ" ማለት አይበቃም፤ ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ጥፋቱን ካወቀ ከ30 የሥራ ቀናት በኋላም በዚያ ምክንያት ማሰናበት አይችልም። ያለ አግባብ ተባረርኩ የሚል ሠራተኛ ደግሞ ወደ ሥራው ለመመለስ በሦስት ወር ውስጥ መክሰስ ይኖርበታል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ድንገተኛ ነገር ሲገጥምዎ ከመሳፈርዎ በፊት ለቅርብ አለቃዎ ይደውሉ፤ አጭር የጽሑፍ መልእክትም ይላኩ፤ መልእክቱንም አያጥፉ። ሲመለሱ ማስረጃዎን ይዘው ቅጹን ይሙሉ። አለቃ የሆኑም ማስጠንቀቂያ ከመጻፍዎ በፊት "ምን ገጠመህ?" ብለው ይጠይቁ።

ያ ሠራተኛ ከሥራው አልተባረረም፤ ደብዳቤው የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነበር። ከእንግዲህ ሳያስፈቅድ የሚቀርባቸው ቀናት ግን እንጀራውን ሊያሳጡት ይችላሉ። አውቶቡስ ተራ ሆኖ የሁለት ደቂቃ ስልክ ቢደውል ኖሮ ለቅሶውንም ደርሶ፣ ስሙንም ጠብቆ ይመለስ ነበር።