ነጎድጓድ በጆርጂያ ጎዳና

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ «ሳንኮፋ» የሚባል መጻሕፍት ቤት አለ። መደርደሪያዎቹ ስለ አፍሪካና በዓለም ስለተበተነው ጥቁር ሕዝብ በተጻፉ መጻሕፍት የተሞሉ ናቸው። ቡናም ይሸጣል፤ ሳንድዊቾቹም በጥቁር ፊልም ሠሪዎች ስም ይጠራሉ። ለአላፊ አግዳሚው ካፌ ነው። የቤቱ ሥር ግን ፊልም ነው። ባለቤቶቹ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማና ባለቤታቸው ሸሪኪያና አይና ፊልም የሚሠሩበት ድርጅት «ነጎድጓድ ፕሮዳክሽን»፣ የሚያከፋፍሉበት ደግሞ «ማይፈዱህ ፊልምስ» ይባላል። በአንድ ቤተሰብ እጅ ያለ፣ ገንዘብ ፈልጎ፣ ፊልም ሠርቶ፣ ራሱ ለተመልካች የሚያደርስ ተቋም ነው።

እንዲህ ያለ ቤት ለምን እንዳስፈለገ ለማወቅ ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ ማየት ይበቃል። አንድ ፊልም ሲኒማ ቤት ሲታይ የቲኬቱን ገንዘብ መጀመሪያ የሚቆርጠው ሲኒማ ቤቱ ነው። ከተረፈው አከፋፋዩ ድርሻውን ይወስዳል፤ ለኮፒ፣ ለማስታወቂያና ለፖስተር ያወጣሁት ነው የሚለውንም ይቀንሳል። ፊልሙን የሠራው ሰው ተራው የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚደርሰው ባዶ ጆንያ ነው። የኛ ሰው ይህን ሥርዓት ለመረዳት ሆሊውድ መሄድ አያሻውም። ድሮ ጢሰኛው ያርስ፣ ያጭድ፣ ይወቃ ነበር፤ ባለርስቱ ግን አውድማው ላይ ቆሞ ይሰፍር ነበር። ፊልም ላይ አውድማው የቲኬት መስኮቱ ነው።

ኃይሌ ይህን ነገር ከመጽሐፍ አልተማሩትም። በ1946 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ አርበኛ፣ የ«ጎንደሬ በጋሻው» ደራሲ፣ ቴያትር ይዘው ከአገር አገር የሚዞሩም ሰው ነበሩ። ልጅየው በ1967 አሜሪካ ገብተው በቺካጎ ቴያትር፣ በሎስ አንጀለሱ ዩሲኤልኤ ደግሞ ፊልም ተማሩ። በ1974 አገራቸው ተመልሰው፣ ዘውዱ እየተንገዳገደ ደርግ በሚመጣበት በዚያ ክረምት፣ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጹ። በጥቁርና ነጭ የተሠራ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚወስድ፣ ስለ ጢሰኛና ባለመሬት የሚተርክ ፊልም ነው። ካሜራው አይቸኩልም፤ ማረሻው እንደሚሄድ ይሄዳል። ለእኔ ከሥራዎቻቸው ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው፤ ኋላ የሠሩትን «ጤዛ»ን የሚያስቀድሙ ወዳጆቼ ይፍረዱብኝ።

ጢሰኛን የቀረጸ ሰው ራሱ ጢሰኛ መሆንን እምቢ ማለቱ የሚገርም አይደለም። ማይፈዱህ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የራሳቸውን ፊልሞችና ትልልቆቹ አከፋፋዮች ዞር ብለው የማያዩዋቸውን የሌሎችን ሥራዎች ለማሰራጨት ነበር። እውነተኛው ፈተና ግን የመጣው በ«ሳንኮፋ» ነው።

ቃሉ ከጋና የአካን ሕዝብ የተወሰደ ሲሆን፣ ወደ ኋላ ተመልሶ የተረሳውን ማንሳት ማለት ነው። ፊልሙ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል በጋና የባሪያ ንግድ ምሽግ ውስጥ ፎቶ ስትነሳ ቆይታ፣ ድንገት በባርነት ዘመን እርሻ ላይ ባሪያ ሆና ራሷን ስታገኝ ይከተላል። ገንዘቡን ለማሰባሰብ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። ጋናና ቡርኪና ፋሶ ተባበሩ፣ ከጀርመንና ከእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ተገኘ። በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ለውድድር ቀረበ። አሜሪካ ውስጥ ግን አንድም አከፋፋይ አልተቀበለውም።

ባልና ሚስቱ ያኔ ያደረጉት ቀላልና አደገኛ ነገር ነው፤ ሲኒማ ቤት ተከራዩ። እንደ ሠርግ አዳራሽ ማለት ነው፤ ቁርጥ ኪራይ ከፍለህ አዳራሹን ትይዛለህ፣ ሰው ከመጣ የቲኬቱ ገንዘብ ያንተ፣ ካልመጣ ኪሳራውም ያንተ። ኪራዩን ለመሸፈን የዋሽንግተን ጥቁር ማኅበረሰብ አዋጣ። ማስታወቂያው ከአፍ ወደ አፍ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ፀጉር ቤት ሄደ። ወረፋው መንገድ ላይ ተሰለፈ፤ ፊልሙም ለሳምንታት ቆየ። ከዚያ ኮፒውን ይዘው ወደ ሌላ ከተማ፣ ከዚያም ወደ ሌላ፤ በየደረሱበትም ሰፈሩ ራሱ አዘጋጅ ይሆናል። አባትየው ቴያትር ይዘው ይዞሩ እንደነበረው ነው፤ የተለወጠው ጭነቱ ብቻ ነው። መጻሕፍት ቤቱ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲከፈት የፊልሙን ስም የወሰደው በከንቱ አይደለም።

እንዲህ ብዬ ሳወራ ግን መንገዱ አልጋ በአልጋ እንዳይመስል። ከ«ሳንኮፋ» በኋላ ኃይሌ ልብ ወለድ ፊልም ይዘው ብቅ ያሉት በ2008 ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት! በመሃል «ዓድዋ»ን የመሰሉ ዘጋቢ ፊልሞች ሠርተዋል፤ ከ1975 ጀምሮም ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ያስተምሩ ነበር። ያም ሆኖ ነፃነቱ በዕድሜ የሚከፈል ነበር። ያ የ2008 ፊልም፣ «ጤዛ»፣ ሲደርስ በቬኒስ ፌስቲቫል ልዩ የዳኞች ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት፣ በማግሥቱ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት ወሰደ። በ2021 ደግሞ የታደሰው «ሳንኮፋ» በፊልም ሠሪዋ ኤቫ ዱቨርኔይ አከፋፋይ ድርጅት በአሬይ በኩል ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። አከፋፋይ የናቀው ፊልም ሃያ ስምንት ዓመት ቆይቶ ሳሎን ገባ። ይህን ያህል መጠበቅ የሚችል ፊልም ሠሪ ግን ስንት አለ?

ቤቱን ፌስቲቫል አላቆመውም፤ ያቆመው የሰፈሩ ሰው ነው። የጆርጂያ አቬኑ አካባቢ እየተወደደ ሲሄድ የሳንኮፋ የንብረት ግብር አብሮ ሰማይ ወጣ፤ መዝጋትም ታሰበ። ደንበኞቹ ፊርማ አሰባስበው ለከተማው ምክር ቤት አቤት አሉ። በ2019 ምክር ቤቱ የግብር እፎይታ ፈቀደ። መጻሕፍቱም፣ የፊልሞቹ ዲቪዲም አሁንም እዚያው ባንኮኒ ላይ ይሸጣሉ፤ ገንዘቡን የሚቀበለውም ባለቤቱ ነው።