የማይጋሽብ ጤፍ ፍለጋ

መሬቱን ደጋግሞ አርሶ፥ በከብት አስረግጦ፥ ዘርቶ፥ አረሙን በእጁ ነቅሎ፥ ማዳበሪያውን በብድር ገዝቶ የበተነ ገበሬ፥ ማሳው እንደ ልቡ አምሮለት ዘለላው መክበድ በጀመረበት ሰሞን አንድ ሌሊት ነፋስ የቀላቀለ ዝናም ቢመጣበት፥ ጧት የሚያገኘው ከመሬት ላይ የተነጠፈ ሰብል ነው። የጋሸበ ጤፍ ፍሬው በወጉ አይሞላም፤ መሬት የነካው ይሻግታል፤ ለማጭድም አይመችም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ማዳበሪያ በጨመረ ቁጥር አገዳው ስለሚረዝምና ዘለላው ስለሚከብድ መጋሸቡ የሚብስ መሆኑ ነው። ዘረ መልን የማረም ረቂቅ ጥበብ ለኢትዮጵያ ገበሬ ምን ይረባዋል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ከዚሁ ከቀጭኑ አገዳ ላይ ይገኛል ብዬ አምናለሁ።

ስንዴና ሩዝ ከዚህ መከራ ቀደም ብለው ተገላግለዋል። አሜሪካዊው ሊቅ ኖርማን ቦርሎግ በሜክሲኮ ያዳቀላቸው አጫጭር የስንዴ ዘሮች ከባድ ዛላ ተሸክመው የሚቆሙ በመሆናቸው የብዙ ሕዝብ ረኃብ ስላስታገሡ፥ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1970 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀብሏል። የሩዝን ቁመት ያሳጠረው ለውጥ የደረሰው ኤስ ዲ 1 በሚባለው ዘረ መል ላይ ሲሆን፥ የዚህ ዘረ መል ተግባር አገዳን የሚያስረዝመው ጅበሪሊን የተባለ ሆርሞን እንዲዘጋጅ መርዳት ነው፤ ሲደክም አገዳው ያጥራል፥ ጕልበቱም ለፍሬው ይተርፋል።

ጤፍን ግን ማዳቀሉ ራሱ ብርቱ ፈተና ነበር። አበባው እጅግ ደቂቅ፥ ወንዴውና ሴቴው በአንድነት የተሸሸጉበት፥ ራሱን በራሱ የሚያራባ በመሆኑ፥ ተመራማሪው ታረቀ በርሄ እ.ኤ.አ. በ1974 አበባው ማለዳ ለጥቂት ጊዜ እንደሚከፈት እስኪደርስበት ድረስ ጤፍን ከጤፍ ማዳቀል የሚቻል አይመስልም ነበር። ከዚያ ወዲህ የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች ሌሊት ገስግሠው፥ በማጉያ መነጽር ሥር በቀጭን ወረንጦ የወንዴውን ክፍል ከአበባው እየለቀሙ በብዙ ትዕግሥት ሲደክሙ ቆይተው፥ እ.ኤ.አ. በ2006 ቁንጮ የተባለውን፥ ንጣትን ከምርት ብዛት ጋራ ያስተባበረ ዘር ለገበሬው አበርክተዋል። ይህ ሥራ ከተከበረው በላይ ሊከበር የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ ቁንጮም ከመጋሸብ አልዳነም።

ማዳቀል ያልደረሰበትን ለማግኘት ወደ ዘረ መሉ ራሱ መመልከት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ የጤፍ ሕዋስ ውስጥ ዲ ኤን ኤ የሚባል ረቂቅ ክር አለ፤ በእርሱም ላይ አራት ዓይነት ኬሚካላዊ ፊደላት እየተፈራረቁ ወደ 600 ሚሊዮን በሚጠጋ ቁጥር ተሰድረው ይገኛሉ፤ ከዚህ ረዥም ጽሕፈት አንድን ባሕርይ የሚወስነው ክፍል ዘረ መል ይባላል። ማዳቀል የሁለት ወላጆችን ጽሕፈት በሙሉ ቀላቅሎ ከልጆቹ መካከል መልካሙን መምረጥ ሲሆን፥ ዘረ መልን ማረም ግን ብራና ላይ አንዱን ፊደል በቢላዋ ፍቆ የቀረውን ሳይነካ እንደሚተው ጸሐፊ ሥራ ነው።

የዚህ ሥራ ዋና መሣሪያ ክሪስፐር ካስ 9 ይባላል። ሰው ከልቡ አንቅቶ ያወጣው ነገር አይደለም፤ በባክቴሪያ ሕዋስ ውስጥ ከጥንት የነበረ መከላከያ ነው። ባክቴሪያም እንደኛው በቫይረስ ይጠቃል፤ ከወረራው የተረፈውም ከጠላቱ ዲ ኤን ኤ ቍራጭ ወስዶ በራሱ ውስጥ ያኖርና፥ ያው ቫይረስ ዳግመኛ ሲመጣበት በዚያ ምልክት ለይቶ ይቈርጠዋል። ይህ ነገር እ.ኤ.አ. በ2007 በሙከራ የተረጋገጠው ወተትን እርጎ በሚያደርግ ባክቴሪያ ላይ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊቱ ኢማኑኤል ሻርፓንትዬና አሜሪካዊቱ ጄኒፈር ዳውድና፥ 20 ፊደላት ያህል ያሉት መሪ ቢዘጋጅለት፥ ካስ 9 የተባለው ፕሮቲን የታዘዘበትን ስፍራ ፈልጎ እንደሚቈርጥ አሳዩ፤ ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ2020 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ክሩ ከተቈረጠ በኋላ ሕዋሱ ራሱ ቍስሉን ሲጠግን ጥቂት ፊደላት ያጎድላል ወይም ይጨምራል፤ በዚህ ጊዜ ዘረ መሉ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ያቆማል።

በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በዳንፎርዝ የዕፅዋት ሳይንስ ማእከል ጌቱ በየነና ባልንጀሮቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ጥበብ ወደ ጤፍ ያመጣ ነው። ጤፍ ከሁለት ጥንታውያን ዝርያዎች መዋሐድ የተገኘ እንደ መሆኑ፥ ያንኑ ኤስ ዲ 1 የተባለ ዘረ መል በአራት ቅጅ ይዞ ስለሚኖር፥ ማኛ በተባለው ዘር ላይ አራቱንም አረሙ፤ ያጠረውም ጤፍ መጋሸብን ተቋቋመ። መሣሪያውን ወደ ሕዋሱ ለማግባት የሚጨመረውን ባዕድ ዲ ኤን ኤ በተመለከተ፥ በሚቀጥለው ትውልድ ያልወረሱትን ልጆች መርጦ ማስቀረት ይቻላል። መሣሪያው ከታሰበው ስፍራ ውጭ ተመሳሳይ ፊደላት አግኝቶ የሚቈርጥበት ጊዜም ስላለ፥ የታረመው ተክል ጽሕፈቱ ተነብቦ መመርመር፥ ከዚያም በወይና ደጋውና በቈላው፥ በመረሬውና በቀዩ አፈር ላይ መፈተን ይኖርበታል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የባለቤትነቱ ነገር ነው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት አስመዝግቦ ለብዙ ዓመት ይዞ ከቆየ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን በዚያች አገር ሽሮታል፤ ክሪስፐርም ራሱ ብዙ ፓተንት የተያዘበት መሣሪያ ነው። ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያራባ በመሆኑ፥ የታረመ ዘር አንድ ጊዜ ከገበሬው ጎተራ ከገባ በየዓመቱ ያንኑ ባሕርይ ይዞ ይበቅላል፤ ገበሬውም ለከርሞ ያስቀምጠዋል፥ ለጎረቤቱም ያበድረዋል። ስለዚህ ዘሩ ለገበሬ ከመታደሉ አስቀድሞ፥ ይህን የማስቀመጥና የማበደር ጥንታዊ መብቱን የሚጠብቅ ውል በጽሑፍ ሊፈረምለት ይገባል።