ከፍርድ በኋላ ያለው መዝገብ

አንድ ሰው ያበደረው ገንዘብ እንዲመለስለት ከስሶ ቢረታ በእጁ የሚገባው የፍርዱ ግልባጭ ነው። ብሩ ገና ባለዕዳው ዘንድ ነው። ባለዕዳው በፈቃዱ ካልከፈለ ሌላ መዝገብ መከፈት አለበት፤ የአፈጻጸም መዝገብ። ከዚህ ወዲያ የረታው የፍርድ ባለመብት፣ የተረታው የፍርድ ባለዕዳ ይባላሉ።

ማመልከቻው የሚቀርበው በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 378 መሠረት ነው። የተፈረደው ገንዘብ ልክ፣ የተከፈለ ካለም እሱ፣ ፍርዱ በምን መንገድ እንዲፈጸም እንደሚፈለግ ይጻፍበታል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው። ችሎቱ ባለዕዳውን አስቀርቦ ስለ ሀብቱ ሊጠይቀው ይችላል፤ ነገር ግን ደመወዙ ከየት እንደሚመጣ፣ ገንዘቡ የት እንደተቀመጠ አፈላልጎ የማሳየቱ ድካም በተግባር የሚወድቀው በባለመብቱ ላይ ነው።

ባለዕዳው ተቀጣሪ ከሆነ ትእዛዙ የሚሄደው ለአሠሪው ነው። ፋይናንስ ክፍሉ በየወሩ እየቆረጠ ፍርድ ቤቱ ባዘዘው መንገድ ገቢ ያደርጋል። ትእዛዙ ደርሶት ዝም ያለ አሠሪ ቀርቦ እንዲያስረዳ ይጠራል። ሕጉ ግን ሠራተኛውንም አልረሳውም። በቁጥር 404 መሠረት የደመወዙ ሁለት ሦስተኛ አይነካም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59ም በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። 12,000 ብር ከሚከፈለው ሰው በወር የሚቆረጠው ቢበዛ 4,000 ብር ነው። ዕዳው 96,000 ብር ቢሆን ባለመብቱ ወለዱ ሳይታሰብ ሁለት ዓመት ይጠብቃል።

ቁጥር 404 ሌላም ጥበቃ አለው፤ የቀን ገቢው ከ2 ብር የማይበልጥ ሰው ደመወዙ ጭራሽ አይያዝም። ሕጉ ሲወጣ ይህ ድሃውን የሚሸፍን ጋሻ ነበር። ዛሬ በቀን 2 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ስለሌለ ጋሻው ማንንም አይሸፍንም፤ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖረው ጥበቃ ሠራተኛም እንደ ሥራ አስኪያጁ ሲሶውን ይቆረጣል። ይህ ቁጥር መሻሻል አለበት፤ ሕግ አውጪው ሊያዘገየው የሚገባ ጉዳይ አይመስለኝም።

የባንኩ መንገድ ፈጣን ነው። ባንክ የደንበኛውን ሂሳብ ለግለሰብ አይገልጥም፤ ለፍርድ ቤት ትእዛዝ ግን ይመልሳል። በመጀመሪያ ገንዘቡ እንዳይንቀሳቀስ ይታገዳል፤ ቀጥሎ የተፈረደው ልክ ተቀንሶ ገቢ ይደረጋል። ባለዕዳው አስቀድሞ ከሰማ ሂሳቡን ባዶ ያደርገዋልና የባንኩንና የቅርንጫፉን ስም ይዞ በቶሎ መቅረብ ያዋጣል። በሌላ በኩል በታገደው ሂሳብ ውስጥ ያለው የወር ደመወዝ ብቻ የሆነበት ባለዕዳ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ማስረጃ አጽፎ ለችሎቱ ሳይውል ሳያድር ያመልክት።

ይግባኝ መጠየቅ ብቻውን አፈጻጸምን አያቆምም፤ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እግድ ያስፈልጋል። ባለመብቱም ቢሆን ጊዜው ክፍት አይደለም፤ 10 ዓመት ካለፈ በኋላ በአዲስ ማመልከቻ አፈጻጸም አይታዘዝለትም።