ከጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ በኋላ ሚዛን የመጠበቅ እንቅስቃሴ ለምን ያስፈልጋል?

የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ ቀዶ ሕክምና በብዛት የሚሠራው የመገጣጠሚያው ለስላሳ አጥንት አልቆ፣ መድኃኒትም ኾነ ሌላ ሕክምና ሕመሙን ማስታገስ ሲሳነው ነው። የተጎዳው የአጥንት ገጽ ተወግዶ ከብረትና ከጠንካራ ፕላስቲክ በተሠራ ሰው ሠራሽ አካል ይተካል።

በሀገራችን ሕክምናው የሚሰጠው በጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ በአብዛኛውም በአዲስ አበባ ነው። በመኾኑም በምሥራቅ ጎጃም ማቻከል ወረዳ፣ አማኑኤል ከተማ የሚኖር ታካሚ ረጅሙን የማገገሚያ ጊዜ የሚያሳልፈው ከቀዶ ሐኪሙ ርቆ፣ በቤቱ ነው። በዚህ ጊዜ ከሚያሰጉ ነገሮች አንዱ መውደቅ ነው።

ሕመሙ ከጠፋ ሚዛን ለምን ይጠፋል?

ሰው ቆሞ ሚዛኑን የሚጠብቀው በዐይኑ፣ በውስጠኛው የጆሮ ክፍልና በጡንቻ፣ በጅማትና በመገጣጠሚያ ውስጥ ባሉ ነርቮች አማካኝነት ነው። ነርቮቹ እግር የትና እንዴት እንዳረፈ ለአንጎል ይነግራሉ። ጉልበት ለዓመታት ሲታመም ሰው ክብደቱን በጤነኛው እግር ላይ መጣል ይለምዳል፤ የታመመው እግር የጭን ጡንቻም ይደክማል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚከሰተው እብጠት ደግሞ ጡንቻው በሙሉ ኃይሉ እንዳይሠራ ያደርጋል። ስለዚህ ሕመሙ ቢቀንስም እግሩ ወዲያው አይታመንም።

እንቅስቃሴው እንዴት ይሠራል?

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሲፈቅድ፣ ከማይነቃነቅ ጠረጴዛ አጠገብ ሰው ባለበት ይጀመራል። በመጀመሪያ ሁለቱን እግር ለየት አድርጎ ቆሞ ክብደትን ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስ ብሎ ማዛወር ነው። ቀጥሎ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ባሉበት እግርን ማንሣት፣ ወደ ጎን መራመድ ይከተላል። ይህ ሲለመድ አንዱን እግር ከሌላው ፊት አስተካክሎ መቆም፣ በመጨረሻም በቀዶ ሕክምና በታከመው እግር ብቻ ለጥቂት ሰከንዶች መቆም ይሞከራል። ዐይንን ጨፍኖ መሥራት ያለባለሙያ ክትትል አይመከርም።

በዕለት ኑሮ

ምርኩዝ የሚያዘው ከታከመው ጉልበት በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር፣ ሲወርዱ የታከመው እግር ይቀድማል። በደጋው የክረምት ጭቃና ተዳፋት መንገድ ብቻ አለመሄድ፣ የማይዳልጥ ጫማ ማድረግ፣ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲወጡ መብራት መያዝ ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ለረጅም ሰዓት መቆም ሲያደክም ዐረፍ ማለት፣ ለመስገድና ለመንበርከክም አስቀድሞ ሐኪምን መጠየቅ ተገቢ ነው። የታከመን ጉልበት በወጌሻ ማሳሸትና ማስጎተት ግን ቁስሉንና መገጣጠሚያውን ሊጎዳ ይችላል።

ብዙ ታካሚዎች ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ወደ አብዛኛው የዕለት ተግባራቸው ይመለሳሉ። ጥንካሬና ሚዛን ግን እስከ 1 ዓመት ድረስ መሻሻሉን ስለሚቀጥል፣ ሕመሙ ጠፋ ብሎ እንቅስቃሴውን ማቋረጥ አይገባም።

ትኩሳት፣ ከቁስሉ መግል መውጣት፣ የባት ማበጥና ሕመም፣ የደረት ውጋት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ፣ እንዲሁም ታካሚው ከወደቀ፣ ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወደሚገኝ የጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።