ውኃ የሚጠጣ ግድግዳ

ሴራሚክ ፊቱ ላይ በእሳት የተጋገረ የመስታወት ሽፋን ስላለው ውኃ ይንሸራተትበታል እንጂ አይገባበትም። እብነ በረድ ግን እንዲህ ያለ ልባስ የለውም። መልክ እስኪያሳይ የተወለወለው እንኳ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ ውኃ ይጠጣል። በድንጋዮቹ መካከል የሚሞላው ሲሚንቶም ያሰርጋል። ስለዚህ የሻወር ቤትን ግድግዳ የተፈጥሮ ድንጋይ የሚያለብስ ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው ከድንጋዩ ጀርባ ነው።

የአዲስ አበባ ቤቶች ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ በሲሚንቶ የተለሰነ ብሎኬት ነው። ልስኑም ብሎኬቱም ውኃ ሲያገኙ ይስባሉ፤ እርጥበቱ ከርሞ በጎረቤት ክፍል ቀለም ላይ ይወጣል። መድኃኒቱ ልስኑ በደንብ ከደረቀ በኋላ በብሩሽ የሚቀባ የውኃ መከላከያ ነው። ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ሲደርቅ፣ አቅጣጫውን አቋርጦ። ማዕዘኖቹና ቧንቧ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ቶሎ ስለሚሰነጠቁ የጨርቅ ጥብጣብ በቅቡ ውስጥ ይቀበርባቸዋል። ወለሉም ወደ ማፍሰሻው በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ማዘንበል አለበት። ማፍሰሻውን ደፍኖ ውኃ አቁሮ 24 ሰዓት ማቆየት ደግሞ ልፋቱ ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ የሆነ ፈተና ነው። ባለቤቱ ዋጋ ለመቀነስ ሲደራደር በመጀመሪያ የሚሰርዘው ይህን የማይታይ ሥራ መሆኑ ያሳዝናል። ገንዘብ ካጠረ ርካሽ ድንጋይ መግዛት ይሻላል።

ድንጋዩ ራሱ ዓይነቱ ብዙ ነው። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዳለቲ የሚወጣ እብነ በረድ አለ፤ ከባቢሌ አካባቢ የሚመጣ ግራናይት አለ፤ ከጣሊያን የሚገባ ካራራ የተባለ እብነ በረድም አለ። በአጥርና በሕንፃ ፊት ላይ የሚያምረውን የአምቦ ድንጋይ ግን ለሻወር አልመክርም፤ አሸዋማ ስለሆነ ውኃ አብዝቶ ይስባል። እብነ በረድ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አሲድ ይበላዋል። ግራናይት ይችለዋል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት በስባሪው ላይ ሎሚ ጠብ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ መቆየት ይበቃል፤ ሲጠረግ ቦታው ከደበዘዘ ድንጋዩ የእብነ በረድ ወገን ነው።

ውፍረቱ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነ እብነ በረድ በካሬ ሜትር 27 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ የሚሸከመው ቀለሙ ብቻ ስለሆነ ተያይዘው ይወድቃሉ፤ ቀለሙ መፋቅ አለበት። ግድግዳው በቱምቢ፣ የመጀመሪያው ረድፍ በውኃ ልክ ይስተካከላል። ከዚያ በፊት ግን ድንጋዮቹን መሬት ላይ ያለ ማጣበቂያ ደርድሮ ማየት ያስፈልጋል። የእያንዳንዱ ደም ሥር የራሱ ነው፤ ጠቆር ያለውን ከነጣው ጋር አዋዶ የሚደረድር ባለሙያ ግድግዳውን አንድ ተራራ ተፈልጦ የቆመ ያስመስለዋል። የሙያው ውበት እዚህ ላይ ነው።

ማጣበቂያውን በድንጋዩ ጀርባ በአራት ማዕዘንና በመሐል ጉብ ጉብ አድርጎ መለጠፍ የተለመደ ነው፤ መጥፎ ልማድ ነው። በጉብታዎቹ መካከል ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ሰርጎ የገባ ውኃ እዚያ ይተኛል፤ ከወራት በኋላ በነጩ ድንጋይ ላይ ጥቁር ጥላ ይታያል። በውስጡ ብረት ያለበት እብነ በረድ ደግሞ ዝጎ ቢጫ ይሆናል፤ ይህን ማጠቢያ አያስለቅቀውም። ትክክለኛው አሠራር ግድግዳውን በጥርሳም መለሰኛ በአንድ አቅጣጫ ማስመር፣ የድንጋዩን ጀርባም ስስ አድርጎ መቀባት፣ ከዚያም መስመሮቹን በሚያቋርጥ አቅጣጫ እያንቀሳቀሱ መጫን ነው። የአሜሪካ የሙያ መመዘኛ በእርጥብ ቦታ ቢያንስ 95 በመቶ የድንጋዩ ጀርባ እንዲያዝ ይጠይቃል። ባለሙያው አልፎ አልፎ አንዱን አንሥቶ ጀርባውን ያያል። ለነጭ ድንጋይ ነጭ ማጣበቂያ ይመረጣል፤ ግራጫው አሳልፎ ይታያል። አረንጓዴ እብነ በረድ ብዙውን ጊዜ ውኃ ሲነካው ስለሚጣመም ኢፖክሲ የተባለውን ማጣበቂያ ይፈልጋል።

መጋጠሚያው ከመሞላቱ በፊት ድንጋዩ ማሸጊያ ፈሳሽ ይቀባል፤ አለዚያ የመሙያውን ቀለም ይጠጣል። ለተወለወለ ገጽ አሸዋ የሌለው መሙያ ይሁን፤ አሸዋው ይቧጭራል። ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት ማዕዘን ግን በሲሚንቶ አይሞላም፤ ሕንፃው ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃልና። ሲሊኮን ይገባዋል፤ ያውም ኮምጣጤ ኮምጣጤ የማይሸተው።

ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ የሲሚንቶ ቅሪቱን በአሲድ ማጠብ የለመዱ ሠራተኞች አሉ። እብነ በረድ ላይ ግን የሳምንታት ሥራ በደቂቃዎች ይበላሻል፤ ይህን አስቀድሞ መንገር የባለቤቱ ድርሻ ነው። በኋላም ማጽጃው ለስላሳ ሳሙና ብቻ ይሁን። ማሸጊያውም ዘላለማዊ አይደለም፤ የውኃ ጠብታ ላዩ ላይ ተድቦልቡሎ መቆሙን ትቶ ድንጋዩን ማጥቆር ሲጀምር እንደገና ይቀባል።