«ቀጭ ቀጭ» የሚል ብስክሌት ምን እየነገረን ነው?

እንደሚታወቀው ብስክሌት ነዳጅ የማይጠይቅ፣ በጠባብ ጓሮ የሚያድር፣ ለቤተሰብ ብዙ የሚጠቅም አገልጋይ ነው። በሚገባ የተያዘ ብስክሌት ሲነዳ ከጎማው የለሆሳስ ድምፅ በቀር ሌላ አያሰማም። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር «ቀጭ» ማለት ይጀምራል። ባለንብረቱ ለሁለትና ለሦስት ቀን ችላ ይለዋል፤ ከዚያም ይሰለቸውና ለወር አስቤዛ ከታሰበው ገንዘብ ላይ ቀንሶ አዲስ ዕቃ ያስገባል። በማግስቱ ድምፁ እንደ ነበረ ይሰማል። ገንዘቡ ሄደ፤ ድምፁ ግን አልሄደም። ከዚህ የከፋ ሁኔታም አለ፤ ይኸውም የድምፁ መነሻ በብረቱ ላይ የተፈጠረ ስንጥቅ የሆነ እንደሆነ ነው። በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ቀጭን ጎማና የታጠፈ መሪ ያለው የእሽቅድምድም ብስክሌት እንዲህ ሲያደርግ መንስዔውን እንዴት ለይተን እንደምናገኝ ለአንባቢያን ለማስረዳት እንወዳለን።

አቧራና ሙቀት ብስክሌትን እንዴት እንደሚፈትኑ ለመረዳት ከካርቱም ከተማ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በከተማይቱ የሚገኘው ዴም ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ለብዙ ዓመታት ጎን ለጎን የኖሩበት፣ ቡና የሚፈላበትና እንጀራ የሚጋገርበት ሠፈር ሆኖ ቆይቷል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የፈነዳው ጦርነት ብዙውን ነዋሪ በትኖታል። የሀገሩ አየር ግን አልተለወጠም። በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ «ሐቡብ» የሚባለው የአቧራ ማዕበልም ሲነሣ ቀኑን እስከ ማጨለም ይደርሳል። ሙቀቱ ቅባቱን ያቀጥነውና ያደርቀዋል፤ አቧራው ደግሞ ቅባቱ በለቀቀው ቦታ ገብቶ ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ተጣብቀው መኖር የሚገባቸው ሁለት ብረቶች በሰው ክብደት ሲጫኑ በመካከላቸው ጥቂት ይንሸራተታሉ። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። ስለሆነም የሚበዛው ድምፅ የስብራት ሳይሆን የድርቀትና የመላላት ምልክት ነው፤ ሰውን መንገድ ላይ የሚጥለው ግን ጥቂቱ የስንጥቅ ድምፅ ነው።

እዚህ ላይ ሊተኮርበት የሚገባው ዋና ቁም ነገር ጆሮ ቦታን ሊሳሳት መቻሉ ነው። የብስክሌት አካል ውስጡ ባዶ የሆነ ቱቦ በመሆኑ ድምፅን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ያሻግራል። ከኮርቻ ሥር የተነሣው ከእግር ሥር፣ ከኋላ ጎማ የተነሣውም ከፔዳል የመጣ ይመስላል። ቁጥር ግን አያታልልም። ስለዚህ «ከየት መጣ?» ከማለት አስቀድሞ «በስንት ዙር ስንት ጊዜ ይሰማል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ለምሳሌ የፊተኛው ጥርሳም ክብ 50 ጥርስ፣ የኋለኛው 17 ጥርስ፣ ሰንሰለቱም 110 መጋጠሚያ አለው እንበል። 50 ለ17 ሲካፈል ሦስት ያህል ስለሚሆን፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ሦስት ጊዜ ያህል ይዞራል። ሰንሰለቱ አንድ ሙሉ ዙር የሚጨርሰው ግን 110 ለ50 ስለሆነ ፔዳሉ ከሁለት ጊዜ ጥቂት በላይ ሲዞር ነው። ይህን ሒሳብ ይዞ መቁጠር ነው።

ድምፁ በፔዳሉ አንድ ዙር አንድ ጊዜ ከተሰማ ፔዳሉን፣ ክንዱን፣ የፊተኛውን ጥርሳም ክብ ቡሎኖችና የመሀሉን ኩሽኔታ እንጠረጥራለን። ከዚያ በፊት ግን የጫማ ማሰሪያ ጫፍ ወይም ከፊተኛው ማርሽ መቀየሪያ የተረፈው የገመድ ጫፍ ክንዱን እየነካ አለመሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ኩሽኔታ የሚያስለውጥ ሰው አለና። በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ ያህል ከተሰማና ፔዳል መርገጥ ሲቆምም ከቀጠለ ነገሩ የጎማ ነው፤ የላላ የነፋስ መሙያ ቫልቭ፣ በጎማው የተሰካ ጠጠር ወይም እርስ በርስ የሚፋተጉ የጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች ይሆናሉ። በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ያህል ከተሰማ በሰንሰለቱ ላይ እንደልብ የማይታጠፍ አንድ መጋጠሚያ አለ። ፔዳሉን በእጅ ወደ ኋላ ቀስ ብለን ስናዞር ያ መጋጠሚያ በኋለኛው ማርሽ መቀየሪያ ትንንሽ ክቦች ላይ ሲያልፍ ዘለል ሲል ይታያል።

ቁጥሩን ካወቅን በኋላ በሙከራ እናረጋግጣለን። ከኮርቻው ብድግ ብለን ስንነዳ ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ የኮርቻው ወይም የምሰሶው ነው። መሪውን በሁለት እጅ ስንጎትት ከባሰ መሪውንና ማሠሪያውን እንመረምራለን። ይህ ሥራ ለሁለት ሰው ይቀላል። ባል ሲነዳ ሚስት፣ ሚስት ስትነዳ ባል ከጎን ሆኖ ቢቆጥር፣ በነጂው ጆሮ ያመለጠው በሌላው ጆሮ ይያዛል። አንዱ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥቶ ሲይዝ ሌላው ፔዳሉን በእጅ ቢያዞርና ድምፁ ቢጠፋ፣ ድምፁ የሚወጣው ክብደት ሲጫን ብቻ መሆኑ ይታወቃል።

ወደ ጥገናው ስንመጣ፣ መሣሪያውን በተራ ፈትቶ በተራ የሚገጥም ወታደር ሕጉን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መንካት ነው። አምስት ቡሎን በአንድ ቀን ያጠበቀ ሰው ድምፁ ቢጠፋለትም የትኛው እንደ ፈወሰው አያውቅም። ምንም ከማያስወጣው መጀመርም ይገባል። በመጀመሪያ የሁለቱን ጎማዎች ማሠሪያ ፈትቶ፣ ጠርጎ፣ አጥብቆ መመለስ ነው፤ የላላ የጎማ ማሠሪያ የፔዳል ድምፅ መስሎ ብዙ ሰው ያሳስታልና። ሁለተኛ ፔዳሎቹን አውልቆ ጥርሱን መጥረግና ግሪስ መቀባት ነው። የቀኙ እንደ ማናቸውም ቡሎን ወደ ግራ ሲፈታ፣ የግራው ግን በተቃራኒው ወደ ቀኝ ይፈታል፤ ይህን ያልተገነዘበ ሰው ልፍታ ሲል ያጠብቀዋል። ሦስተኛ የኮርቻውን ምሰሶ ቁመት ምልክት አድርጎ አውጥቶ፣ ጠርጎ፣ ግሪስ ቀብቶ መመለስ ነው፤ ከካርቦን የተሠራ ከሆነ ግን ግሪስ ሳይሆን ለካርቦን የተዘጋጀው ቅባት ነው የሚስማማው። አራተኛ የፊተኛውን ጥርሳም ክብ ቡሎኖች አንድ በአንድ ማየት ነው። አምስተኛ ሁለቱን ክንዶች ይዞ ወደ ጎን መነቅነቅ ነው። አንደኛው ብቻ ከተነቃነቀ ክንዱ ላልቷልና ሳይጠብቅ አይነዳ፤ የአሉሚኒየሙ ቀዳዳ በብረቱ ተበልቶ ዕቃው ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ሁለቱም አብረው ከተነቃነቁ የኩሽኔታው ተራ ደርሷል፤ እርሱም ልዩ መፍቻ ስለሚፈልግ ባለሙያ ዘንድ ይሂድ።

ለጽዳት በነጭ ጋዝ የሚጠቀሙ ሁሉ ከምድጃና ከሕፃናት ያርቁት። ዘይት በፍሬን ላይና ፍሬኑ በሚይዘው ቸርኬ ወይም ዲስክ ላይ ከቶ መንጠብ የለበትም። ሰንሰለትም ዘይት ከጠጣ በኋላ ትርፉ በጨርቅ ይጠረግ፤ በአቧራማ ሀገር ትርፍ ዘይት ጭቃ ይሆናልና።

አሁን ስለ ስንጥቅ እንናገር። በመሪው፣ በክንዶቹ፣ በኮርቻው ምሰሶና በአካሉ መጋጠሚያዎች ላይ አቧራውን ጠርጎ በብርሃን መመርመር ያስፈልጋል። እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ወይም በቀለሙ ላይ የተከፈተ ስንጥቅ ከታየ፣ ያ ብስክሌት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አይነዳ። የተሰነጠቀ መሪ ሲሰበር ቀስ በቀስ አይደለም፤ በቁልቁለትና በመኪና መካከል በድንገት ነው። ለአስቤዛ የተያዘውን ገንዘብ ሳይሰስቱ ሊያወጡበት የሚገባው ይህ ብቻ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይና በ2016 ዓ.ም. በዚያው ውድድር ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን መለያ ያጠለቀው ኤርትራዊው ብንያም ግርማይ፣ በውድድር ወቅት ብስክሌታቸውን የሚያጥብና የሚመረምር የቡድን መካኒክ ነበራቸው። ሠርቶ አዳሪው ብስክሌተኛ ግን መካኒኩ ራሱ ነው፤ ረዳቱም የትዳር ጓደኛው ናት። እንግዲህ በሳምንት አንድ ቀን፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ጨርቅና ጥቂት ግሪስ ይዞ ብስክሌቱን ማዳመጥ ብዙ ወጪና ትልቅ አደጋ ያስቀራል። ድምፁ ሲመጣም መፍቻ ከማንሣት በፊት መቁጠር ይቅደም።